ብርክና ባራካ

የአማርኛ ፍርሃት አድራሻ አለው። ሐሞት የሚፈሰው ከሆድ ነው፤ ወኔ የሚከዳው ልብን ነው፤ ቆሌ ከየት እንደተገፈፈ ባይታወቅም መገፈፉ ፊት ላይ ይነበባል። ብርክ ያዘኝ የሚል ሰው ግን ጉልበቱን ነው የሚከሰው። በግዕዝ ብርክ ማለት ራሱ ጉልበት ነውና። ቃሉ ከጨዋ ቤት የወጣ ነው፦ አብራክ ብዜቱ፣ መንበርከክ ልጁ፣ ቡራኬና በረከት ዘመዶቹ። ዐረቡም ግመሉ ሲንበረከክለት «በረከ» ይላል። ከዚህ ሁሉ የተባረከ ዘር ለእኔ የደረሰኝ የሚንቀጠቀጠው ነው።

የደረሰኝም ናይሮቢ፣ ወደ ኢስሊ ሰፈር በሚሄድ ማታቱ፣ ማለትም የሕዝብ ሚኒባስ ውስጥ ነው። «ታቱ» በስዋሂሊ ሦስት ነው፤ ድሮ ታሪፉ ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ስለነበር ነው ማታቱ የተባለው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ፍጥነቱን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ገደቡት፤ ለተሳፋሪ ቀበቶ፣ ለሾፌርና ለኮንዳ (ለረዳቱ) ደንብ ልብስ፣ ለመኪናው ቢጫ መስመር አዘዙ። የተሳፈርኩበት ማታቱ ቢጫዋን መስመር በሚገባ አክብሯል።

መንገዱ ሲዘጋጋ ሾፌሩ የእግረኛውን መንገድ ይዞ ነጎደ። ሙዚቃው ደግሞ ወንበሩን ከሥሩ ይነቀንቀዋል፤ ብርኩ የእኔ ይሁን የድምፅ ማጉያው መለየት ቸገረኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሾሾ፣ አያት ማለት ነው፣ ወደ ሾፌሩ አንገታቸውን አስግገው «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» አሉ፤ ችኮላ በረከት የለውም ነው ነገሩ። ስዋሂሊ «ሃራካ»ን ለችኮላ ከዐረብኛ ሲወስድ፣ ከዚያው ሥር «ታሃሩኪ»ን ለመሸበር አመጣ። ማታቱ ለተሳፈረ ሰው የሁለቱን ዝምድና የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

ይኼኔ ኢስሊ የሚጠብቀኝ ጓደኛዬ ደወለ።

«የት ደረስክ?»

«ምኑን አውቄው! ብርክ ይዞኛል፣ ብርክ!» አልኩት፣ ከሙዚቃው በላይ እየጮህኩ።

ሾሾ ከአማርኛዬ ሁሉ ይህችን ብቻ ያወቋት መሰላቸው። ባራካ ያልኩ መስሏቸው እጃቸውን እዚያው የሚንቀጠቀጠው ጉልበቴ ላይ ጣል አድርገው «አሚና!» አሉ።

«አሚና!» አለ ኮንዳውም፣ ሒሳብ ለመቀበል እጁን እየዘረጋ።