ተከሳሽም እሱ፣ ዳኛም እሱ

የሴፍቲኔት ቅሬታ አሰማማችንን የሚያማ ሰው አይገባኝም። እኔ በበኩሌ አድናቂ ነኝ።

ጎረቤታችን እማማ በሌሊት እየተነሱ አስፋልት ሲጠርጉ ከርመው፣ አንድ ቀን ስማቸው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈው የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር ጠፋ። ለምን ቢሉ፣ «ቴሌቪዥን አለዎት» ተባሉ። እውነት ነው፣ አላቸው። ድምፁም ምስሉም ከጠፋ ዓመታት ያለፉት፣ በዳንቴል የተሸፈነ፣ የልጃቸው የምረቃ ፎቶ ማስቀመጫ የሆነ ቴሌቪዥን። የሰረዛቸው ባለሙያ ትሑት ነው። «እማማ፣ ቅሬታ ማቅረብ መብትዎ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቢሮ ይግቡ» አላቸው። ደግፌያቸው ገባን። ወንበሩ ላይ ያው ባለሙያ ተቀምጧል። በውስጥ በር ቀድሞን ነው።

እንዲህ ያለ ቁጠባ የት ይገኛል? ሌላው አገር ይግባኝ ለመስማት ሌላ ሰው ይቀጥራል። እኛ ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ለሚያውቀው ሰጠነው። እማማ ለምን እንደተሰረዙ ከሰረዛቸው በላይ ማን ያውቃል?

ሥነ ሥርዓቱም እንደዋዛ አይታይ። ጠዋት የሰረዘ ሰው ከሰዓት ማመልከቻውን ይቀበላል፣ ለራሱ ይመራል፣ «ማብራሪያ እንዲሰጡን» ሲል ለራሱ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ወጪ ሆኖ ገቢ ይደረጋል፤ ሁለቱም መዝገቦች እሱ እጅ ስለሆኑ ተላላኪ አያስፈልግም። መልስ ሲዘገይበት ለራሱ ማስታወሻ ይልካል፣ ግልባጭ ለራሱ። ስብሰባ ይጠራል፤ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል። ሰብሳቢው ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ ከወንበሩ ተነስቶ ጠረጴዛውን ይዞርና እንደ ተጠሪ ቃሉን ይሰጣል፤ ዞሮ ይቀመጥና ያዳምጣል። ክርክሩ ሲጋጋል «ሥነ ሥርዓት!» ብሎ ራሱን ይገሥጻል። የሻይ ዕረፍት ላይ ይታረቃሉ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፣ ማኅተሙም ከዚያው መሳቢያ ይወጣል። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ «የቀረቡ ቅሬታዎች መቶ በመቶ ምላሽ አግኝተዋል» ይላል። ማን ይዋሻል? አግኝተዋል።

ለቅሬታው ሲመላለሱ የቢሮውን ደረጃ መውጣት መውረዱ ለእማማ ጉልበትም ስፖርት ነው። ቁልፉ የጠፋው የአስተያየት ሳጥንም ምስጢር በመጠበቅ አይታማም።

ጥፋቱ መመሪያ የሚጽፉት ሰዎች ነው። ሴፍቲኔት በገጠር በ1997 ዓ.ም.፣ በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ የቅሬታ መስሚያው አብሮ ተነድፏል። የገጠሩ መመሪያማ ተረጂዎችን የመለመለ የቀበሌ ግብረ ኃይል አባል ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ምን ያለ ጥርጣሬ ነው! ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቷል። እማማ አቅርበዋል። ሰሚውንስ ከየት ያምጡ?

ይኼ ማላገጥ ነው፤ የሚያላግጠውም እኔ አይደለሁም። የሰረዘ ሰው በስረዛው ላይ የቀረበውን አቤቱታ መስማት የለበትም። እማማ የጠየቁት ምሕረት ወይም ምጽዋት አይደለም፤ ቤታቸው መጥቶ ያንን ቴሌቪዥን ሶኬት ላይ የሚሰካ አንድ ሰው ነው።

ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ማመልከቻችሁን በቃል አታድርጉት። ግልባጩ ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፉ፤ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። እምቢ ካሏችሁ ክፍለ ከተማ ውጡ። ከዚያም ካለፈ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አቤቱታ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቅም። ቢያንስ ሌላ ሰው ነው።