ቃጫ ያቀፍኩ ዕለት

ነገሩ የጀመረው በሐዋላ ነው። ለዘመን መለወጫ ለእማዬ ብር ልልክ ዓርብ ዕለት ከኩዌቷ ሳልሚያ ወጣሁ። ብሩን ልኬ የዶሮውን በርበሬ ገዝቼ መመለስ፣ በቃ። እማዬ ግን በስልክ «ፎቶም ላኪልኝ፤ ጎረቤቱ ልጅሽ ከስታለች እያለ መቆሚያ አሳጣኝ» ብላኝ ነበር።

«ሻሂድ ፓርክ እንሂድ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ። ሁለት ጓደኞቼን አስከትዬ መንገዱን ሙሉ ስለ ደጋ ተክል ሳስተምራቸው ሄድኩ፤ የደባርቅ ልጅ አይደለሁ! ስሜን ጓሮዬ ነው እላለሁ። (በእውነቱ የገባሁት አንዴ ነው፣ በትምህርት ቤት ጉዞ፣ ያውም መኪናው ውስጥ እያስመለሰኝ።) «ጅብራ ብርድ ካልመታው አይሆንለትም፤ ዓመታት ቆይቶ አንዴ ያብብና ይሞታል» ስል፣ የወሎዋ ጓደኛዬ «ታዲያ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለች። ይቺ ሴት አስተዋይ ናት፤ እኔ ግን አልሰማኋትም። ኩዌት ከዳር እስከ ዳር ቢዞሩት ከፍተኛው ቦታ 300 ሜትር ገደማ ነው፤ የእኛ ራስ ዳሽን ከ4,500 ያልፋል። ሚትሪባ በሚባለው በረሃዋማ በ2016 እ.ኤ.አ. ሙቀቱ 54 ዲግሪ ሊሞላ ለጥቂት ነው የቀረው።

ፓርኩ ግን ያምራል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ ሐይቅ አለው፣ ሙዚየም አለው፣ የዕፅዋት ስፍራም አለው። መጀመሪያ የፈለግኩት ዐርፈጅን ነበር፤ የአገሩ አበባ፣ ቢጫ፣ አደይን ታስረሳለች ብለውኝ። ለካ የምታብበው ሚያዝያ አካባቢ ነው። በመስከረም የሚፈልጋት ማነው? እኔ።

ከዚያ ከአንዲት ሰው ሠራሽ ጉብታ ሥር አየሁት። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ፣ ከመሐሉ ዘንግ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ የደረቀ አበባ። ጅብራ! እልል አልኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ሮጬ አቀፍኩት፤ «አንሺኝ፣ አንሺኝ!»

ወጋኝ። ጅብራ እሾህ እንደሌለው የደባርቅ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን «የኩዌት ስለሆነ ይሆናል» ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። የሐበሻ ቀሚሴ እጅጌ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተሰክቶ ብጎትት ብጎትት እምቢ፤ ጥበቃው መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ሕፃናት ከበቡኝ። በመጨረሻ አትክልተኛው መቀሱን ይዞ ደረሰ። ቅጠሉን ይቆርጥልኛል ስል ጥለቴን ቆረጠው። ቅጠሉንማ አንዴ ዳሰስ አድርጎ፣ ደህና መሆኑን አይቶ ሄደ።

የወሎዋ ዞር ዞር ብላ አየችውና «አንቺ፣ ይሄ እኮ ቃጫ ነው! የእኛ ቤት አጥር!» አለች። «ቃጫም አንዴ አብቦ ነው የሚሞተው፣ ለዚህ ነው የተሸወድኩት» ብዬ ተከራከርኩ። ማን ይስማኝ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይስቃሉ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፣ ምን ይደረግ።

ፎቶውን ግን ላክሁት፤ ጥለቱ ሳይቆረጥ የተነሳሁትን። እማዬ ወዲያው ደወለች። «ልጄ፣ ተመስገን አልከሳሽም። ግን ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ ቃጫ ታቅፊያለሽ?» ከጀርባዋ የጎረቤቱ ሳቅ ይሰማል።

ስልኩን ስዘጋ የወሎዋ እንባዋን እየጠረገች «ለመሆኑ የዶሮው በርበሬ የታለ?» አለችኝ።