ስልቻ ቀልቀሎ

ጥቅምት ውስጥ ነው። ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ላይ ድንኳን ተክለን ልናድር ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ፣ የአዲሱ ሻንጣዬ ዚፕ ጥርሱን ገለጠ። መጀመሪያ አንድ ሽንኩርት ወጣና ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ ቁልቁል ተንከባለለ። ሌሎቹ ተከተሉት። ከዚያ ባትሪው፣ የድንኳኑ ካስማዎች፤ በመጨረሻ ድስቱ እያቃጨለ ወደ ከተማ ተመለሰ።

የገዛሁት መገናኛ፣ ከአንድ የመንገድ ዳር ነጋዴ ነው። ጎኑ ላይ የታወቀ ስም ተጽፎበታል፤ አንድ ፊደል ብቻ በዝቶበታል፤ እኔ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። ማንጠልጠያውን ጎተትኩ፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ፣ አሸተትኩትም። ባዶ ሻንጣ መፈተሽ የላጤን ትዕግስት እንደ መፈተሽ መሆኑ አልገባኝም። «ይበረክታል?» ብለው፣ «ብራዘር፣ ይሄ አንተንም ይቀብርሃል» አለኝ። ዳገቱ ላይ ሊቀብረኝ ምንም አልቀረውም።

ሽንኩርት ሳሳድድ፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት ሸክማቸውን የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ቆሙ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ዚፑ እምቢ አለኝ፣ እማማ።»

ከጭራሮው ላይ ትርፍ ገመድ ፈቱና ሻንጣውን ገለበጡት። በሆዱ ሥር ሁለቴ አዙረው፣ በጉልበታቸው ተጭነው ጠፈሩት።

«ወዴት ነው እንዲህ ተጭናችሁ?»

«ጫካ ልናድር።»

ዝም ብለው አዩኝ።

«ቤት የለህም?»

የሻንጣ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። የእኔው ማንጠልጠያ የተሰፋው ከአፉ ዳር ብቻ ነበር፤ 20 ኪሎ ሲጫንበት ክብደቱ ሁሉ በሁለት መስመር ስፌትና በዚፑ ላይ ወደቀ። የደኅና ቦርሳ ማንጠልጠያ እንደ እማማ ገመድ ከሥር ዞሮ ሆዱን ያቅፋል፤ ጨርቁ ዕቃ ይይዛል እንጂ አይሸከምም። ፈረንጆች ዳፍል የሚሉት ይህ ድብልብል ቦርሳ ስሙን ያገኘው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይሠራባት ከነበረች የቤልጂግ ከተማ ነው። ዛሬ የሚሰፋው ከናይለን ወይም ፕላስቲክ ከተቀባ ሸራ ሲሆን፣ የክሩን ውፍረት በዴኒየር ይለኩታል፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው። የእኔው ቢመዘን ሚዛኑ የሚነቃነቅ አይመስለኝም። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክና ጣይቱ ከዚሁ ከእንጦጦ ጋራ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ የዘመኑ ጓዝ በበቅሎና በመጫኛ ነበር። መጫኛ ዚፕ የለውም።

ሰኞ አንድ ሸራ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ሰፋልኝ፤ ማንጠልጠያው የመኪና ቀበቶ ነው፣ ከሥር ይዞራል፤ አፉ በቀለበትና በገመድ ይታሰራል። ዝናብ አያስገባም። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ጅብም የሚደፍረው አይመስለኝም። ቤት ስገባ እናቴ አገላብጣ አየችውና፣ «ይሄን ሁሉ ደክመህ ስልቻ ነው ያሰፋኸው?» አለችኝ። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ።

የእማማ ገመድ ግን እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። በፈረንሳይ ዳገት ጭራሮ ይዘው የሚወርዱ፣ «ያ ቤት የሌለው ልጅ ገመዴን ይዞ ቀረ» የሚሉ እናት ካጋጠሟችሁ፣ ልጁ ቤት አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈለገዎት ነው በሉልኝ።