ጊታሯ ልትገባ ነው

«ዳኛው» የምንለው የኖርክሮስ ወዳጃችን ፍርድ ቤት የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በፍጥነት ቅጣት። ማዕረጉን ያገኘው አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ችሎት ስለሚያስችል ነው። ችሎቱ የሚሰየመው መኪናው ውስጥ ነው። እዚህ ሰው ከመኪናው ውጭ የት ዘፈን ይሰማል? ባቡርማ በከተማችን በኖርክሮስ መሃል እያፏጨ ያልፋል፤ አይቆምም እንጂ። «ማርታ» የሚሉት የአትላንታ ባቡር ደግሞ ዶራቪል ድረስ መጥቶ ይመለሳል። በፈረንጆቹ 2019 የእኛው የግዊኔት ካውንቲ ነዋሪ «ማርታ ትምጣ ወይስ ትቅር?» ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ «ትቅር» አለ። ማርታ ቀረች፣ እኛም እያንዳንዳችን ከየስፒከራችን ጋር ሰማንያ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ቀረን።

አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ላይ አልበም ሲለቀቅ፣ የሰዓቱ ልዩነት ሰባት በሆነበት ወቅት፣ ኖርክሮስ ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ይህ ማለት ዳኛው ከሥራ ወጥቶ፣ ፓስታ የተደፋበት በሚመስለው የመንገዶች መገናኛ፣ ስፓጌቲ ጃንክሽን ላይ ቆሞ፣ የፊቱን መኪና የኋላ መብራት እያየ ነው። አንዱን ዘፈን ሃያ ሴኮንድ ይሰማና ያልፈዋል። ጂሚ ካርተር ቡልቫርድ መውጫ ላይ ሲደርስ አሥራ አራቱንም ጨርሶ ፍርዱን ይደውልልኛል።

«የድሮው ይሻላል።»

ይህን ፍርድ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ዳኛው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጃኖ ባንድን ነው፤ የሮክ ሰው ነኝ ይላል። በፈረንጆቹ 2012 አልበማቸው «ኤርታሌ» ሲወጣ የሆነውን ግን አልረሳሁም። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት ድምፃውያን፣ በትዝታና በባቲ ቅኝት ላይ የሚያገሳ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ ቢል ላዝዌል። እኛ አፋችንን ከፍተን ስንሰማ እሱ ፊቱን አጨማደደ። «ይኼ ጩኸት ነው። ጃኖ ማለት ጥለቱ ቀይ፣ ክብሩ ከባድ ልብስ ነው። እነዚህ ልጆች በጊታር ቀደዱት!»

በ2018 «ለራስህ ነው» የሚለው አልበማቸው ወጣ። ርዕሱን ገና ሲያየው የተነካ መሰለኝ፤ ለራሱ የተባለ ሳይመስለው አልቀረም። ሃያ ሃያ ሴኮንዱን ሰምቶ ደወለ። «ኤርታሌ እሳት ነበር፤ ይኼ አመድ ነው።»

«ኤርታሌን ጩኸት ነው ብለኸው አልነበር?»

«እኔ? በጭራሽ! ብል ብል ድምፁ ከፍ ብሏል ብዬ ይሆናል።»

የዚህ ሰው መዝገብ ቢገለጥ ከዚያም በፊት የሚጀምር ነው። በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባው አልበም በዚሁ በላዝዌል እጅ ተሠርቶ ሲወጣ፣ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ጠቢባን ገብተውበት፣ «ፈረንጅ አበላሻት» ብሎ ካሴቱን ለጓደኛው ሰጠ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣበት የሚያሰማው እሱኑ ነው፤ ያውም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «እንዲህ ያለ አሁን የት አለ?» እያለ። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» በ2017 ሲወጣም «ሁለት ዘፈን ብቻ ነው ያላት» ብሎ ነበር። አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የደወለልኝ እሱ ነው፦ «አላልኩህም?»

አልፈርድበትም። የሱ ጆሮ የተገራው በካሴት ዘመን ነው። ካሴት ሲገዛ ገንዘቡን ያወጣው ለአንድ ነው፤ ሌላ የሚገዛው መቼ እንደሆነ አያውቅም። ዘፈን ለማለፍ ቢፈልግ የባትሪ ድንጋይ ያልቃል፤ ለመመለስም ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠን ነው። ስለዚህ የማይወደውንም አምስተኛ ዘፈን ሰማው፣ ደጋግሞ ሰማው፣ በሦስተኛው ሳምንት ሳያስበው አንጎራጎረው። ያኔ «ግሩም ነው!» አለ። ዘፈኑ ሳይለወጥ እሱ ተሸነፈ። ዛሬ ማን ያሸንፈዋል? ሃያ ሴኮንድ ውስጥ?

ደግሞ ይህ የሐበሻ በሽታ ብቻ አይደለም። ቦብ ዲላን በ1966 ማንችስተር ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቢወጣ፣ ቲኬት ገዝቶ የገባ አድናቂው ከአዳራሹ መሃል «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ሠላሳ ብር ተቀብሎ ጌታውን የሸጠውን ማለቱ ነው፤ እንግዲህ ለጊታር!

ዳኛው የሚሠራበት መጋዘን ውስጥም አንድ ነጭ የሥራ ባልደረባ አለው፤ የአተንስ ልጅ ነው፣ ከኖርክሮስ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ። ከተማዋ አር ኢ ኤም የሚባለውን የሮክ ባንድ በ1980 ያወጣች ናት። ሰውየው ባንዱ በ1988 ወደ ትልቁ ኩባንያ ዋርነር ብራዘርስ ከሄደ በኋላ የሠራውን አልቆጥርም ይላል። በማንዶሊን የታጀበው ዘፈናቸው በ1991 ዓለምን ሲያዞር እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። በ2011 ባንዱ ሲበተን ግን ሁለት ቀን ምሳ አልበላም አሉ።

የምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ እንጀራውን፣ ሌላው ሳንድዊቹን ይዞ። ዳኛው ጃኖን ያሰማዋል፣ ፈረንጁ አር ኢ ኤምን። አንዱ የሌላውን ግጥም አያውቅም። ሆኖም ዳኛው «ፈርስት ዋን፣ ቤተር» ሲል ፈረንጁ ራሱን ይነቀንቃል፤ ፈረንጁ ያንኑ ሲል ዳኛው «እውነት!» ይላል በአማርኛ። እንዲህ የሚግባቡ ባልና ሚስት አላየሁም።

የጃኖ «ለራስህ ነው» «አመድ ነው» በተባለ በአራተኛው ቀን ምሽት የተዋስኩትን ክሪክ ልመልስለት ወደ አፓርታማው ሄድኩ። መኪናው ማቆሚያው ላይ ሞተሩ እንደበራ ቆሟል፤ መስታወቱ ሁሉ ተዘግቶ ውስጡ ይነጉዳል። ጠጋ ስል ስልኩ ጠራ፣ ድምፁን ቀነሰ።

«ስፓጌቲ ጃንክሽን ላይ ተዘግቶብኛል» ሲል ሰማሁት። «አደጋ ነው መሰለኝ፣ ምንም አይንቀሳቀስም።»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ መጋረጃው ትንሽ ተገለጠና ተመለሰ።

መስታወቱን አንኳኳሁ። ደንግጦ አወረደው። «ዜና እየሰማሁ ነው» አለኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ዜና ከበሮ ያለው?»

«ግባና በሩን ዝጋ!»

ገባሁ። ክሪኩን እግሬ ሥር አስቀምጬ፣ «ይኼ አመዱ አይደለም እንዴ?» ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ በሌላው እጁ መሪውን እየመታ ይቆጥራል።

«ዝም በል» አለኝ። «ጊታሯ ልትገባ ነው።»