ግራፉ ለምን ደበዘዘ?

ሐረር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት መድረሱን ለማወቅ የኮፒ ቤቶችን በራፍ ማየት ይበቃል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው እዚሁ ከተማ ነውና ፍላሽ የያዘ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ወራት ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ ተዙሮ የተለቀመ መረጃ፣ ሌሊቱን በ«አር» ወይም በ«ፓይተን» የኮምፒውተር ቋንቋ ተፈጭቶ፣ መጨረሻው ብዥ ያለ ግራፍ ነው።

«እህቴ፣ ይሄን ትንሽ አጥሪልኝ!»

የኮፒ ቤቷ «እህት» ከየት አምጥታ ታጥራው? ምስሉ ከላፕቶፕ ስክሪን ላይ በስልክ የተነሳ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ዓምዶቹ መሃል የበርጫው ፔርሙዝ ጥላ አለ። በቴሌግራም የተላከውም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ስለሆነ መንገድ ላይ ዳግም ተጨምቋል። «ወርድ» የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ ሲደርስ ደግሞ በጥጉ ተይዞ ተለጠጠ። ከዚያ «አቦ፣ ማሽናችሁ ቀለም ጨርሷል!» ተብሎ የሚሰደበው ፕሪንተሩ ነው።

ለደበዘዘ ምስል ሰበብ መፈለግ ለሐረር አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ምስሎቹ የነጡት በማጠቢያው ውሃ መጥፎነት ነው ብሎ ጽፏል። እሱስ ውሃ ነበረው።

መላው ግራፉን በስልክ ማንሳት ትቶ ከራሱ ከፕሮግራሙ ማስቀመጥ ነው። እሱም ቢሆን ልክ አለው፦ «አር» መጠን ሳይነገረው ፒኤንጂ አስቀምጥ ከተባለ 480 በ480 ፒክስል ይሰጣል። ይህ ብዙ መጽሔቶች በሚጠይቁት ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ማለት ነው። 16 ሴንቲ ሜትር የፈለገ 1,900 ያህል ፒክስል ይዘዝ፤ ሥራው አንድ መስመር ኮድ ነው። ፒዲኤፍማ መስመሩን በነጥብ ሳይሆን በሒሳብ ስለሚይዘው ቢያሳድጉትም አይሻክርም። (ርዕሱ በአማርኛ ከሆነ ግን «ካይሮ» የሚባለውን መንገድ ያልመረጠ ሰው በፊደሉ ፈንታ ነጥብ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ያኔ ተረኛው ተሰዳቢ ኮምፒውተሩ ነው።)

ብልጦችም አሉ፤ ያንኑ ደቃቃ ምስል ከፍተው በኢንች 72 ነጥብ የሚለውን ቁጥር ብቻ 300 ያደርጉና «አስተካክዬዋለሁ» ይላሉ።

አንዱ ግን ጓደኛው መክሮት በወጉ አስቀመጠ። ግራፉ ጥርት ብሎ ታተመ። አማካሪው መነጽራቸውን ጠረጉና፣ እስከዛሬ ያልታያቸውን የየዓምዱን መቶኛ አንድ በአንድ ደመሩ፤ 112 መጣ።