የጄሰን ቩርሂስ የዋና ችሎታ፦ በክፍል ስምንት ላይ የተደረገ አጭር ጥናት

«ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» የተባለው የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም እስካሁን የተጠናው በነፍስ ግድያ ዘርፍ ብቻ ነው። ይህ ጥናት ጉዳዩን ወደ ትክክለኛ ቦታው፣ ወደ ውኃ ዋና ይመልሰዋል።

መነሻው የታወቀ ነው። ጄሰን ቩርሂስ የሚባል ልጅ በ1957 ዓ.ም. (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ክሪስታል ሌክ በተባለ የልጆች ካምፕ፣ ጠባቂዎቹ በራሳቸው ጉዳይ ተጠምደው ሳለ ሐይቅ ውስጥ ሰጠመ። በ1980 በወጣው የመጀመሪያ ፊልም የምትገድለው እናቱ ናት፤ ጄሰን ነው ብሎ የሚሟገት ዛሬም አይጠፋም፣ ይሟገት። ልጁ ራሱ ሥራ የጀመረው በ1981፣ የሆኪ ጭምብሉን ያገኘው በ1982 ነው። በ1984 «የመጨረሻው ምዕራፍ» ተብሎ ሞተ፤ በዓመቱ «አዲስ ጅማሬ» ወጣ። በ1986 መብረቅ ከመቃብር ቀሰቀሰው፤ መጨረሻ ላይ ከድንጋይ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ሐይቁ ሥር ተቀመጠ። ይህን ጊዜ ልምምድ ብለን ይዘነዋል።

ክፍል ስምንት፣ «ጄሰን ቴክስ ማንሃተን»፣ በ1989 ወጣ፤ ደራሲውም ዳይሬክተሩም ሮብ ሄደን ነው። የጀልባ መልሕቅ በውኃው ሥር ያለፈ የኤሌክትሪክ ገመድ ይነካና ጄሰን ይነቃል። ቀጥሎ ተመራቂ ተማሪዎች የጫነችው መርከብ ላይ ይወጣል። የመርከቧ ስም ላዛረስ ነው፤ አልዓዛር ማለታቸው ነው፣ ተመልካቹ እንዳይደናገር ይመስላል። ሐይቁ በየት በኩል ከአትላንቲክ እንደሚገጥም ፊልሙ አይናገርም።

ሕዝቡ ቲኬት የቆረጠው ማንሃተንን ብሎ ነበር። ከ100 ደቂቃው አንድ ሰዓት ያህሉ መርከብ ላይ አለቀ። ብሩክሊን ድልድይና ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ታስበው በገንዘብ እጥረት ቀሩ፤ ከተማው ራሱ በአብዛኛው የተቀረጸው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ነው። ታይምስ ስኩዌር ግን የእውነት ነው። ጄሰን እዚያ የጎረምሶችን ቴፕ በእርግጫ ይመታል፤ ሊጣሉት ሲነሡ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ ያሳያቸዋል፣ እነሱም ይቅርታ እየጠየቁ ይሸሻሉ። የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት ይሄ ነው። ማንም አይሞትበትም።

ወደ ጥናታችን እንመለስ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሬኒ ውኃ ትፈራለች፤ በልጅነቷ አጎቷ ዋና ላስተምር ብሎ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ወርውሯታል። ስለዚህ ክሪስታል ሌክ ሁለት የማስተማሪያ ዘዴዎች አሉት፦ አለማየትና መወርወር። ውጤታቸውን ስናነጻጽር ግን ሬኒ ማንሃተን የደረሰችው በትንሽ ጀልባ ተቀዝፋ ነው፤ ጄሰን ያለ ጀልባ ደርሷል፣ ብዙም አልዘገየም። አለማየት ይሻላል ማለት ነው።

ከዚያ የተከተለው ግን ግኝታችንን አበላሸው። የኒው ዮርክ የፍሳሽ ቦይ በየሌሊቱ እኩለ ሌሊት ላይ በመርዛማ ቆሻሻ ይጥለቀለቃል ይለናል ፊልሙ፤ ለምን እንዲህ እንደሚደረግ የጠየቀ ባለሥልጣን የለም። ውቅያኖስ የተሻገረው ዋናተኛ እዚያ ቦይ ውስጥ ሰጥሞ፣ ቀልጦ፣ ወደ ሕፃንነቱ ተመለሰ። 32 ዓመት የፈጀ ሥልጠና ከዜሮ ሊጀመር ሆነ።

ፊልሙ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በአሜሪካ 14 ሚሊዮን ገደማ አስገባ፤ ከስምንቱ ዝቅተኛው። ፓራማውንት እጁን ታጠበና በ1993 ኒው ላይን «የመጨረሻው ዓርብ» ብሎ ዘጠነኛውን ሠራ። መጨረሻ ስላልሆነ በአሥረኛው ጄሰን ወደ ጠፈር ተላከ። ጠፈር ላይ ሐይቅ ስለሌለ ክትትላችን እዚህ ላይ ተቋርጧል።