ባና፣ ባቄላና ጭላዳ

በብዙ አገር ረጅሙ የዓመት ዕረፍት ፀሐይ የሚሞቅበት ወቅት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 በሚዘልቀው ክረምት ውስጥ በመሆኑ፣ ረጅሙ ዕረፍትና ረጅሙ ዝናብ ተያይዘው ይገባሉ። ዕረፍተኛው በዚህ ላይ ተራራ ልውጣ ካለ፣ ዝናቡን ሽሽት ወደ ዝናቡ ቤት መሄዱ ነው።

ለዚህ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ አካባቢ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ስሙን ያወጣለት ጓሳ፣ ቤት የሚከደንበትና ገመድ የሚገመድበት ሣር ሲሆን፣ ምድሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ስለሚጀምርና አየሩም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ስስ ሹራብ ይዞ የመጣ የአዲስ አበባ ሰው ገና በመጀመሪያው ማታ ለባና እጁን ይሰጣል። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሙቀቱ የተመሰገነ ቢሆንም ክብደቱ መገላበጥን ስለሚከለክል፣ ለብሶት የተኛ ሰው በተኛበት ጎን ይነጋለታል። ዕረፍት ማለት አለመንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከዚህ የበለጠ መሣሪያ እስካሁን አልተገኘም።

ከባናው ቀጥሎ የሚመጣው ደስታ ንፍሮ ሲሆን፣ የሚመጣውም በጣም ዘግይቶ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በ3,000 ሜትር ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ ወዲያ ማገዶ ቢጨመር ውሃው ይንተከተካል እንጂ አይግልም፣ ባቄላውም በእልኩ ይጸናል። እንግዳው «ደረሰ ወይ እማማ?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር ባለቤቲቱ «ትንሽ ነው የቀረው ልጄ» ይሉታል፤ በደጋ ደግሞ ከ«ትንሽ» የሚረዝም የጊዜ መለኪያ የለም። በዚህ መሐል ቆሎ ይቆረጠማል፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ያልፋል፣ የኩበቱም ጭስ እንግዳው የትም ቢቀመጥ ፈልጎ ያገኘዋል። እርጎ ያማረው ሰው በነሐሴ የመጀመሪያ 15 ቀናት ከመጣ ፍልሰታ ይጠብቀዋልና ወደ ባቄላው ይመለሳል።

ዕረፍተኛው ግን ፕሮግራም ይዞ መጥቷል፤ በማለዳ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ አፋር የሚወርደውን ምድር ሊያይ አስቧል፤ በክረምት ማለዳ የሚያየው ግን ጉም ነው፣ ጉሙ ሲገለጥም ከበስተኋላው ያለ ሌላ ጉም ነው። ከዚያው አፋፍ፣ ሌሊቱን በገደሉ ወገብ ላይ ያደረው ጭላዳ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የማይገኘው ሣር በል የዝንጀሮ ዘመድ፣ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ጠጉሩን ይፈታተሻል፣ ሲሻውም በተቀመጠበት ሣሩን እየነጨ ይበላል፣ ማዶውን ማየት አለማየቱም ግድ የሰጠው አይመስልም። በዚህ ረገድ ፕሮግራም ከያዘው ይልቅ ያልያዘው የተሻለ ዕረፍተኛ መሆኑ አያከራክርም።

ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ጃንጥላውን ነፋስ ስለሚገለብጥበት ቤቱ ትቶ ይሂድ፤ ባቄላውን ግን ከዋዜማው ይዘፍዝፍ።